የአባ ጓዴ እናት ስም

ቂርያት ማላኪ፣ እስራኤል፣ እሑድ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ እህቴ ለይርገዱ፣
ጎንደር

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆችሽስ? ወደዚህ ለመምጣት ስምሽ ተጠራ ወይስ ዛሬም «ሌላ ቀን ተመለሱ» ነው የሚሏችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እንቢ ቢለኝም ፋብሪካው እስካሁን አላባረረኝም። ትናንት ሰንበት ስለነበረ ብዕር አልነካሁም እንጂ፣ ይህ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሁለት ወር አለፈው።

የእምዬ ታንጉትን ዕረፍት በስልክ ነግሬሻለሁ። ስንት ሰው እንደቀበራት፣ ከያቭኔና ከገዴራ ስንት አውቶቡስ እንደመጣ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ አለ።

እናታችን ስትሞት እኔን ከጡት ያስጣለችኝ፣ አንቺን በጀርባዋ ያዘለችሽ አያታችን፣ እዚህ አገር መጥታም ፊደል ሳትቆጥር የሕዝቡ መዝገብ ሆነች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጸሐፊዎቹ ለአንዱ የአባቱን፣ ለሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ሲሰጡ፣ የአንድ እናት ልጆች እንኳ በወረቀት ባዕድ ሆኑ። እሷ ዘንድ ግን ማንም አልጠፋም። ልጅ ሊድር የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የኛን ደረጃ ይወጣል። ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ከትንሿ ጣቷ ጀምራ ትቆጥራለች፤ ለሞተው ጣቷን ታጥፋለች፣ በሕይወት ላለው ትዘረጋለች። ጠለምት ተድራ የቀረችውን ታላቅ እህቷን ትርንጎን ስትቆጥር ግን ጣቷ ግማሽ ላይ ይቆማል። ትኑር ትሙት አታውቅማ።

ሰባት ቤት ካልራቀ፣ አይሆንም ትላለች፤ በቃ። አንዷ የሙሽራ እናት እግሯ ላይ ወድቃ፣ «እማማ፣ ስድስት እኮ ደርሷል፤ የጎደለው አንድ ብቻ ነው!» ብትላት፣ «ካንቺስ አንድ ዓይን ብቻ ቢጎድል ምን ትይ ነበር?» ብላ አሳቀችን። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

የኔን ታሊንም አልማረቻትም። የዛሬ አምስት ዓመት የመጣላትን ልጅ ስድስተኛው ላይ አቆመችው። ታሊ አንድ ዓመት ሙሉ እምዬን አላናገረቻትም፣ በአንድ ቤት እየኖሩ። እኔም እናቷ ሮማን በሕይወት ብትኖር ኖሮ ልጄን ታባብልልኝ ነበር እያልኩ በሥራ አመካኝቼ ከቤት እሸሽ ነበር።

አሁን ኦሪ መጣ። የገዴራ ልጅ ነው፣ አውቶቡስ ነጂ፣ ሰው አክባሪ። አያቱ አባ ጓዴ ያቭኔ ይኖራሉ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ታሊ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«አባ፣ ደም ተመርምረናል፤ ሐኪሙ ቤሰደር፣ ደህና ናችሁ ብሎናል። ደግሞ እንዳታስቆጥሩብኝ።»

«ያለ እምዬማ እንዴት ይሆናል፣ ልጄ?»

«እንግዲያው የኔን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቁጠሩልኝ» አለችና በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው።

እምዬ ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የኦሪን ወገን ነገርኳት። ድምፅዋ ሰልሏል፣ ጣቷ ግን አልደከመም። ባባቱ በኩል ጨረሰች። አባ ጓዴ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የጓዴ እናት ማን ናት?»

«አላውቅም፣ እምዬ።»

«ጠይቀህ ና።»

ያቭኔ ሩቅ አይደለም፤ በአውቶቡስ ደርሼ እመለስ ነበር። አልሄድኩም። ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ገና ከበሩ ስታየኝ «ጠየቅክ?» አለችኝ።

«ጠየቅኩ። ከጠለምት ናቸው፤ ከኛ ጋር የሚያገናኛቸው የለም» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እንግዲያስ ይሁን» ብላ እጇን ራሴ ላይ ጭና ታሊን መረቀቻት። እጇ ከበደኝ፣ እህት ዓለም። የአንዲት ደካማ አሮጊት እጅ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ለሽማግሌዎቹ «እምዬ ቆጥራ ጨርሳለች፣ ንጹሕ ነው» አልኳቸው። ማን ይጠረጥረኛል? የታንጉት ልጅ ነኝ።

በኀዘኑ በሰባተኛው ቀን አባ ጓዴ ከያቭኔ መጡ። ሰዉ የእምዬን አገር ወገራን ሲያነሳ ሰምተው፣ «እንዲህ ነው እንዴ! እኔ የጠለምት ሰው ነኝ፤ እናቴ ግን የወገራ ናት። በልጅነቷ ድረዋት ወገኗን ሳታይ ሞተች፤ አንዲት ታናሽ እህት ነበረችኝ እያለች ታለቅስ ነበር» አሉ። ከዚያ የእናታቸውን ወገን ሊነግሩን ጀመሩ፤ ከትንሿ ጣታቸው ተነስተው፣ ለሞተው እያጠፉ።

ሰዉ ግን ሳያስጨርሳቸው ጨዋታውን ቀጠለ። እኔ የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። «እናትዎን ማን ይሏቸው ነበር?» ማለት ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ተነስቼ የባዶ ብርጭቆ ሰብሳቢ ሆንኩ።

የአባ ጓዴ እናት ትርንጎ ከሆነች ታሊና ኦሪ አራተኛ ቤት ናቸው። አራተኛ!

የምኩራባችንን መምህር፣ ረቡን፣ በሰው ስም አስመስዬ ጠየቅኩት። «ሙታር ነው፣ ኦሪት አይከለክልም» አለኝ። እኔም በተማርኩት መጠን ገልጬ አየሁ፤ ሰባት የሚል አላገኘሁም። ይህን ለራሴ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን የተፈቀደ ነገር ከነበረ ለምን ዋሸሁ? ጸሎት ላይ ስቆም የሚመጣብኝ ይኸው ነው። እምዬ ይህን ጋብቻ አልመረቀችም፤ እኔ ምርቃቷን ሰረቅኳት። ታሊ በሳቀች ቁጥር፣ ስለ ልጆች ባወራች ቁጥር፣ አንድ ነገር ከበር ቆሞ በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል።

ሠርጉ ሐምሌ 25 ነው። ሰባት ሳምንት ቀርቶታል፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ጥሪው ተበትኗል።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። የእምዬ አክስት ልጅ እሜቴ ጠጅቱ እዚያው ሰፈርሽ አሉ፤ አእምሯቸውም ደህና ነው ብለሽኛል። ሄደሽ «ጠለምት የተዳረችው ትርንጎ ጓዴ የሚባል ልጅ ነበራት ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በስልክ ያልጠየቅኩሽ ታሊ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው እያልኩ ራሴን ሸንግዬ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ በስልክ ብጠይቅሽ በዚያው ቀን ትመልሽልኛለሽ። እሱን ፈራሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ደባሱ የያቭኔ ሰው ነው፤ ከአባ ጓዴ ጋር በአንድ ሕንጻ ይኖራል። በአሥራ አምስት ቀን ይመለሳል። መልሱን ለእኔ በወረቀት አትላኪልኝ፤ በስልክም እንዳትነግሪኝ። ደባሱን አስቀምጠሽ፣ እሜቴ ጠጅቱ በገዛ አፋቸው ይንገሩት። እሱም እኔን ሳያይ በቀጥታ ወደ አባ ጓዴ ይሂድ።

ለእኔ ብቻ የደረሰኝ እንደሆነ፣ ይርገዱ፣ ቀድጄ እጥለዋለሁ። ልጄን እያየሁ «ንጹሕ ነው» እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እየሞተች ያለችውን እምዬን ዓይኗን እያየሁ ብያለሁና።

የእስራኤል አምላክ አንቺንና ልጆችሽን በሰላም ያምጣልን፣ ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ። «የእምዬ በረከት ይደርብሽ» ብዬ መጨረስ ነበረብኝ፤ እሱን አንቺ ለራስሽ በዪው፣ እኔ አፌ አልቻለም።

ወንድምሽ አንዳርጌ