የአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከል

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለእኅቴ ለወይዘሮ ጌታነሽ፤ ጎሬ።

የመንዝ ብርድ ያላቀዘቀዘው ፍቅሬ፣ የአገርሽ ዝናብ ሳያርሰው ከእጅሽ ይግባልኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ይታዘዝልሻል? ጾሙስ አልከበደሽም? ልጅሽ አርሴማስ ደኅና ናት? እኛ ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ተከልሎ የቆየው የጓሳው ሣር ዘንድሮ እንዲታጨድ ስለተፈቀደ የቤታችንን ክዳን አድሰናል። እኔም እግሬ ቢደክም ከማኅሌቱ አልቀረሁም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ባለቤትሽ አፈወርቅ ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕለት ካረፈ ወዲህ፣ ያ ዓመት እንደነበረ ዞሮ እስኪመጣ ከሌን አላወልቅም ብለሽ መሳልሽን አነበብሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይመለሳል ብለሻል። ከየት እንዳገኘሽው ዐውቃለሁ፤ የበዓላቱን ቁጥር፣ ባሕረ ሐሳቡን፣ ሳጠና ከጎኔ የበግ ጠጉር እየፈተልሽ ትሰሚ ነበር።

እኅቴ ሆይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚመለሰው የጨረቃ ቁጥር ብቻ ነው። ዘመኑን በየተራ የሚይዙት ወንጌላውያን አራት ናቸው፤ ዓመቱ የሚብትባቸው ዕለታት ሰባት ናቸው፤ እነዚህ ተያይዘው የሚመለሱት በሃያ ስምንት ዓመት ነው። አሥራ ዘጠኝና ሃያ ስምንት ደግሞ ከአንድ በቀር የሚያካፍላቸው የጋራ ቁጥር ስለሌላቸው አቋራጭ መንገድ የላቸውም፤ ሁሉም እንደገና የሚገጥመው ሁለቱ ሲባዙ ነው። ይኸውም አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት፣ አባቶች ዐቢይ ቀመር ያሉት ነው። ፋሲካ ብቻውንማ ከዚያ አስቀድሞ አፈወርቅ ባረፈበት በሚያዝያ ፲፪ ይውላል፤ አንቺ የተሳልሽው ግን ለዓመቱ ነው።

ይህን ለባለቤቴ ለአልጣሽ ባስረዳት፣ «ጨርቁስ ይችለዋል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ምናልባት አንቺም ትስቂ እንደሆነ ብላ ይህንኑ እንድጽፍልሽ አዘዘችኝ።

ከሳቁ በኋላ ግን ቁጥሩን ደግሜ አሰብሁት። በአምስት መቶ ሠላሳ ሁለቱ ዓመታት ውስጥ ጨረቃቸው፣ ወንጌላዊያቸውና ዕለታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ዓመታት አይገኙም። አፈወርቅ ያረፈበት ዓመት መንትያ የለውም፤ በዚህስ ሐዘንሽ እውነት አለው። ነገር ግን የያዝነውም ዓመት መንትያ የለውም። አርሴማ ከእናቷ ጋር የምትፈስከውን የዘንድሮን ፋሲካ፣ እሷም ሆነች አንቺ ሁለተኛ አታገኙትም።

ስለዚህ ውለሽ ሳታድሪ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ከስእለቱ ይፍቱሽ። አልጣሽ የፈተለችውን ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው በነጋዴው በያሲን እጅ ልኬልሻለሁ። በአገራችን ከል የሚያስወልቀው ዘመድ ነውና፣ የእኔ እጅ ባይደርስ አርሴማ ታውልቅልሽ። «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲባል ነጩን ለብሰሽ ከእሷ ጎን ቁሚ።

አልጣሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ልጄ ኪዳነ ከነባለቤቱ እጅ ይነሳሉ። ጎረቤታችን እማማ አየለች «ደኅና ናት ወይ?» ይሉሻል። አርሴማን በእኔ ስም ግንባሯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ
ቀየት፣ መጋቢት ፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ