መቀሱን የገዛሁበት ቅዳሜ

ለአባዬ፤

አንተ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እኔ ግን መጨረሻ ያየሁህ ከዚያ አስቀድሞ፣ ለትምህርት ወደ ለንደን ስሄድ ነው። አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ የካፖርቴን ቁልፎች በጣትህ እየሞከርህ ቆመህ ነበር። እንዳይላሉ ሠግተህ ይመስለኛል። አልላሉም፤ ዛሬም እንደ ሰፋሃቸው ናቸው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ጥቁሩን ልብስ አውልቃለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ፍል ውሃው ስትሄድ ይሻላታል። ሱቅህን ጫማ ሻጭ ተከራይቶታል። የስፌት መኪናህ እዚህ ቤት በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ታናሼ ጫልቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋበታለች። እጅጌ አገጣጠሟ ያንተው ነው፤ ክርም እንዳንተ በጥርሷ ትበጥሳለች፤ እማዬም እንዳንተው ትቆጣታለች። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በደመወዝ ወረቀቴ ላይ ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባላለች፤ ከወረቀት ውጭ ግን ዛሬም አምቦ ናት።

የምጽፍልህ ግን ለአንድ ጉዳይ ነው። ለንደን አብራኝ የተማረችው አልማዝ የፊታችን ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እዚያ ሳለን እንደ እኅት ነበርን። ከተመለስን ወዲህ ግን የጻፈችልኝን አንዱንም አልመለስሁም። ምን ብዬ እንደምቀበላት ሳላውቅ ሰንብቻለሁ። ምክንያቱ አንድ ቀን ነው፤ ያየሁትን ከገመትሁት ለይቼ ላስረዳህ።

ያም ቀን ቅዳሜ ነበር። አልማዝና የጉደሩ ልጅ ገመቹ ማልደው መጡና ዛሬ ማጥናት የለም፣ ከተማ እናሳይሻለን አሉኝ። መጀመሪያ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት መንገድ ሄድን። አልማዝ መጽሐፍ ቤት ውስጥ መቆም አይሆንላትም፤ ገና ከመግባታችን እጄን ትጎትት ነበር። ያን ዕለት ግን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ አንድ ጊዜም ቶሎ በይ አላለችኝም።

ከዚያ ባለብዙ ፎቅ ትልቅ መደብር ገባን። ቆመው የሚወጡበት፣ ራሱ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ነበረው። ገመቹ፣ «ይኼ አምቦ ገበያ ቢተከል ሰዉ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ቅቤውን ሳይሸጥ ይመለስ ነበር» አለ። ሳቅሁ። ላይኛው ፎቅ ላይ የልብስ ሰፊ መቀስ አየሁ፤ ከባድ፣ አፉ ሲገጥም ድምፁ የማይሰማ። ያንተ መቀስ መያዣው በጨርቅ የተጠቀለለ መሆኑን ነገርኋቸው። ገመቹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በየሱቁ «መጨረሻውን ንገረኝ» እያለች እንግሊዞቹን ግራ የምታጋባዋ አልማዝ ስለ ዋጋው ቃል አልተናገረችም። «እኔ ልያዘው» ብላ ብቻ ተቀበለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ላይ በጀልባ ሄድን፤ ድልድዮቹንና የንጉሡን ቤት ዘበኞች አየን። ማታ ገመቹ፣ «ብዪ እንጂ፣ ወፍ ነሽ እንዴ?» እያለ ሳህኔን ይሞላ ነበር። እዚያ አገር ከኖርሁባቸው ቀናት ሁሉ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት የለም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። አልማዝ፣ ገመቹና ሌሎች የአገራችን ልጆች ቆመዋል። የቤቱ ባለቤት እንግሊዛዊት ይህ ሁሉ ሰው ከቁርስ በፊት ምን እንደሚፈልግ አልገባትም። እኔ ግን የአገሬ ልጅ ነኝ፤ ንጋት ላይ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቴሌግራሙ ለገመቹ የደረሰው ዐርብ ነበር።

አባዬ፣ አንተ ከተቀበርህ በኋላ እኔ ስስቅ ዋልሁ። አልማዝም እያየችኝ ዋለች። መቀሱን ላንተ ስገዛ እጅህ እንደማይነካው ታውቅ ነበር። ይህን ይቅር ማለት አቃተኝ። መቀሱንም ከነወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ባለፈው ሳምንት ጫልቱ አንዲት ደንበኛ ለክታ፣ ተጠራጥራ፣ ትከሻዋን እንደገና ስትለካ አየሁ። ያን ጊዜ መምህር መኮንን ትዝ አሉኝ። ወንድማቸው ጎጃም ሞቶ ወሬው አምቦ የደረሰ ቀን፣ «መምህር፣ ኮትዎን ልለካ» ብለህ ሱቅ አስገባሃቸው። ትከሻ ለካህ፣ ወገብ ለካህ፣ ጠመኔው ጠፋ ብለህ ደግመህ ለካህ። እማዬ ምሳ አመጣች፤ ሳይበሉ ሊነሡ ሲሉ፣ «በባዶ ሆድ የተለካ ኮት ኋላ ይጠባል!» አልሃቸው። ስቀው በሉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ወሬውን እንዳያፈስባቸው እስኪመሽ ያዝሃቸው፤ ሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ ሄደው አረዷቸው። እኔ ልጅ ነበርሁና ለምን እንደዋሸሃቸው ጠየቅሁህ። «ሰው መርዶ ከሰማ በኋላ ለብዙ ቀን ምግብ አይወርድለትም። ዛሬን ይብሉበት» አልኸኝ።

መምህሩ ምን እንደ ተሰማቸው አልነገሩኝም፤ ስለዚህ አውቃለሁ አልልም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ወደ ነቀምት እስኪዛወሩ ድረስ ያንን ኮት ከትከሻቸው አላወለቁትም። እኔ ደግሞ አንተ ያደረግኸውን ደግነት ብዬ፣ አልማዝ ያደረገችውን ክዳት ብዬ ይዤ ኖሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ፈልጌ አላገኘሁም። አንድ የቀረኝ ነገር ቢኖር፣ እየሣቀችልኝ እርሷ እንዴት እንደዋለች አለመጠየቄ ነው።

ዛሬ ጠዋት መቀሱን ከወረቀቱ አውጥቼ ለጫልቱ ሰጠኋት። ወፍራሙን ካኪ አንዴ ቆረጠችበትና፣ «አባባ ቢያየው!» አለች። አየው ማለት አልችልም፤ ነገርሁህ ማለት ግን እችላለሁ።

ቅዳሜ አልማዝ ስትመጣ የምናገረው ብዙ ነው፤ ግን መጀመሪያ ምሳ አበላታለሁ። በማግሥቱም በቅሎ ይዘን ወደ ሐሮ ወንጪ እንሄዳለን፤ በጀልባ ሐይቁን አሳያታለሁ። እርሷ የሰጠችኝን ያህል ቀን፣ ከጀርባው ግን ምንም ያልተሸሸገበት፣ ልመልስላት እፈልጋለሁ።

አልረሳህም ማለት ቀላል ስለሆነ በቃል አልምልልህም። እንግዳ በሬን ባንኳኳ ቁጥር፣ ከወሬ በፊት ማዕድ በማቅረብ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሌንሴ