ያደረ ወተት ዋጋ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ዘንድሮስ አረፈልህ? ሚስትህ ደህና ናት ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ነው እንጂ ሜዳ ላይ አይከፋም። ልጄና ባሏ ደህና ናቸው። የልጅ ልጄ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው፤ ስምንት ጥርስ አብቅሎ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። አንተን ነው የሚመስለው፣ በተለይ ሲያኮርፍ።

ደብዳቤ ምን አስፈለጋት ትል ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ አቃተኝ። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ደወልኩልህ፣ ሦስቴም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ሦስቴም ወዲያው አነሳኸው፤ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን። ወረቀት ግን ወሬ አያስቀይርም። እና ታገሰኝ፣ ደክሞኛል፤ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰው ነገር አይደለም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፣ ብትስቅበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጽ ይዤ ሱቅ ለሱቅ ስዞር የዳቦ፣ የዘይት፣ የሳሙና፣ የወተት ዋጋ ስመዘግብ ኖርኩ። ዳቦውንም በራሴ ሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ጋጋሪ ዋጋ መጨመር ሲያፍር ዳቦውን ያሳንሳልና። ባለሱቆቹ ስሜን ትተው «ዋጋዬ» ይሉኛል። ዋጋዬ መጣች፣ ዋጋዬ ሄደች። እኔም ለምጄዋለሁ።

የወተት ዋስትናው የወጣበትን ዓመት መቼም አትረሳውም። አባታችን ባረፈ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወተት ካንተው ወተት እየረከሰ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎህ፣ ላሞቹን ልትሸጥ ደላላ ጠርተህ ነበር። ያን ቀን ጋጣው ውስጥ ገብተህ ስታለቅስ ያየሁህ አይመስልህም፤ አይቼሃለሁ። ከዚያ አዋጁ ወጣ። የውጭው ወተት ወደብ ላይ ተቀርጦ ዋጋው ካንተው ጋር እኩል ሆነ፣ ማኅበራችሁም ሊትሩን ከዚህ ዋጋ በታች አይገዛም ተባለ። አንተም መንግሥት ደረሰልን አልክ።

መንግሥት ግን ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አላወጣም፣ ወንድሜ። የዋጋ ምዝገባ ቢሮው ውስጥ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የደረሰችልህ ሱቅ ውስጥ ተሰልፋ የቆመችው ሴት ናት። ደረሰኟ ላይ «ለገበሬው» የሚል መስመር የለም፤ ወተት ይላል፣ ከፍላ ትሄዳለች። በመጀመሪያ ማንም አልተከፋም፣ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለው ባለሱቅ እንዲያውም የምትስቅ ላም ሥዕል ለጥፎ ያገራችንን ወተት እንጠጣ እያለ ይሸጥ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን የውጭው በአገሩ እየረከሰ፣ የእኛው እየተወደደ ሄደ። እናንተ ማኅበር አላችሁ፤ ሲከፋችሁ ትራክተር ይዛችሁ አደባባይ ትወጣላችሁ፣ ዋስትናው ከፍ ይላል። ወተት ገዢ ማኅበር የለው፤ ምን ይዞ ይወጣል፣ ጡጦ?

አዋጁ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ የገዢው ጠበቃ እሷ ብቻ ናት። የአንድ ሊትር ትኩስ ወተት ዋጋ የቀን ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ከሚያገኘው ካለፈ ዋስትናው ይቀነስ ትላለች። ማለፍ አለማለፉ የሚታወቀው ደግሞ እኛ በምንሞላው ቅጽ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ዋጋውን ስመዘግብ ወተቱ የሠራተኛውን የአንድ ሰዓት ክፍያ አልፎታል። በሁለት ሳንቲም። ያን ሳምንት አንተ ደውለህ አዲስ ጋጣ ማሠራት እንደጀመርክ፣ ለላሞችህ ለቀጠሮና ለዳኛ ሰፊ ቦታ እንዳወጣህላቸው ነግረኸኝ ነበር። አንተ ከአባታችን ላሞች ጋር ቀርተህ ነው እኔ ለትምህርት የወጣሁት፤ ይህን ረስቼው አላውቅም። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያደረ ወተት በቅናሽ የሚሸጥ መደብር አለ። ወደዚያ ሄድኩና ያደረውን ዋጋ በትኩሱ መስመር ላይ ጻፍኩ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ አልኩ ለራሴ፤ ነፍስ አላጠፋሁም አልኩ።

ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛውን አላሰብኩበትም። በኋላ አዳዲስ መዝጋቢዎች ሲቀጠሩ ያሠለጠንኳቸው እኔ ነበርኩ፤ ለወተት ሲሆን ደሃ የሚገዛበት ሄዳችሁ መዝግቡ አልኳቸው። ደግ ነገር የነገርኳቸው መስሏቸው እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል። እንዲህ አድርገን አሥራ አንድ ዓመት ያችን አንቀጽ አስተኛናት።

ባለፈው ወር መታጠፊያው ላይ ያለው ሱቅ ውስጥ ከሳሙናው መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ስመዘግብ ልጄ ገባች። የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች ነው። አላየችኝም። ማቀዝቀዣውን ከፍታ አንድ ሊትር ወተት አወጣች፣ ዋጋውን አነበበች፣ ትንሽ ይዛው ቆመች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፤ ጽሑፉን ወደ ፊት አዙራ፣ አስተካክላ። ሻይ ቅጠል ብቻ ገዝታ ወጣች።

ልጁ ጡት ከተወ ጀምሮ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ወተት አይወድም ትለኝ ነበር። ያስመልሰዋል፣ በሻይ ይሻለዋል። እኔም አምኜ የላም ባለቤት ዘር ሆኖ ወተት አይወድም እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ስቄ አውርቻለሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ክንዷን መያዝ እችል ነበር። ግን እጄ ላይ ቅጹ ነበረ። አፈርኩ፣ ወንድሜ። ልጄ ከሱቁ እስክትርቅ ከሳሙና ጀርባ ተደብቄ ቆየሁ።

የወተቱን መስመር እዚያው ቆሜ ሞላሁት። ትኩሱን፣ በሱቁ ዋጋ። ለሌሎቹም ነገርኳቸው፣ እነሱም እንደዚያው አደረጉ። የክፍል ኃላፊያችን ጠርቶኝ አሃዝ ተሳስተሽ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። አሁን አልተሳሳትኩም፣ የተሳሳትኩት እስከ ዛሬ ነው አልኩት። ቅጹን መዝገቡ ውስጥ ከትቶ ጡረታሽ አራት ወር ነው የቀረው፣ የኋለኛውን ነገርሽን አልሰማሁም አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ደክሞታል።

የዋስትናው ኮሚቴ ቅጾቻችንን አይቶ ወስኗል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዋስትናው በሲሶ ይቀንሳል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ይቀራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሬዲዮ ይነገራል። ከሬዲዮ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። እንጀራህን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትርገም። ይቅር በለኝ ለማለትም ቸኩዬ አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት የተሰለፉት ሴቶች ከአንተ ይቀድማሉ፤ እነሱን ደግሞ የት ብዬ ላግኛቸው?

አንድ ነገር ልጨምር። የዋስትናው ዋጋ የሚከፈለው ወተት የማቅረብ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። ላሞቹን የሸጠ ሰው ፈቃዱን ለትልቁ እርሻ አከራይቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ መኖር እንደሚችል የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ሕጉ አይከለክልም። ኮሚቴው ፈቃድ ያከራዩትን ሰዎች ዝርዝር በየወረዳው አስወጥቶ ነበር። የእናንተ ወረዳ ዝርዝር እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ሳልከፍተው መለስኩት።

ድሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ሚስትህ ነበረች፤ እሱ እያለበ ነው፣ ሲጨርስ ይደውልልሽ ትለኝ ነበር። ከጀርባዋ የማለቢያው ማሽን ይሰማ ነበር። ቀጠሮ ሰዓቷን ስለማታሳልፍ፣ ዳኛ ደግሞ አይታ አይታ ስለምትራመድ ይህን ስም እንዳወጣህላቸው እሷ ስትነግረኝ በሳቅ ትሞት ነበር። ስማቸውን ከጠራህልኝ ስንት ጊዜ ሆነ? እናታችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ስትል እንዴት እንስቅ ነበር። ሰሞኑን ትዝ አለኝና አላሳቀኝም።

መልስ ስትጽፍልኝ የላሞቹን ስም አንድ በአንድ ጻፍልኝ። የምትጽፈው ስም ከሌለ ስለ ወገብህ ጻፍልኝ፤ ይገባኛል፣ አልቆጣም። እኔ በማን ልቆጣ።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ቤትህን አያጉድልብህ። ሚስትህን ሳምልኝ። ላሞቹንም፣ ካሉ፣ ሰላም በልልኝ።

እህትህ

ረስቼው፣ ባለፈው እሑድ ሁለት ሊትር ትኩስ ወተት ይዤ ልጄ ቤት ሄድኩ። ልጁ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ እስኪያልቅ አልለቅም አለ። ከዚያ ድገሙኝ እንደማለት ብርጭቆውን ዘረጋ። እናቱ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ እኔም ደግሜ ቀዳሁለት።