ስለ ነጩ ፒካፕ ቀይ እጀታዎች የተጠየቅሁት ማብራሪያ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ሥላሴ፣ የጽሕፈት ቤታችን የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? በማንኛውም መኪና በበሩ ገብተው በበሩ የሚወጡበትን ዕድሜ አምላክ ያርዝምልዎ። እኔ ሾፌርዎ ይታገሱ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ።

ባለፈው ዓርብ «በነጩ ፒካፕ ላይ ያለ ፈቃድ ቀይ እጀታ ስለ ገጠሙ በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ» ሲሉ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ስለዚህ መኪና በር በአምስት ወር ውስጥ ካገኘኋቸው ምላሾች ሁሉ ፈጣኑ በመሆኑ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ነገሩ ለባልደረቦቼም ትምህርት ስለሚሆን ማብራሪያዬን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን በቅንነት ይዩልኝ።

፩ኛ. መጋቢት ላይ ከእንስሳት ሐኪማችን ከወይዘሪት ያምሮት ጋር ለከብት ክትባት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ሄደን ሳለ፣ መርፌውን ያልወደደ አንድ በሬ በሾፌሩ በር ላይ ተደግፎ ሲታከክ እጀታውን ነቅሎ ጣለው፤ በሩም ከውስጥም ከውጭም አልከፈት አለ። የወዲያኛው በር ደግሞ እጀታው ከወደቀ ዓመት ስላለፈው በሽቦ የታሰረ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ ሽቦውን ፈርመው ያወጡልን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሐኪሟም እኔም በመስኮት መግባት ጀመርን። እርሷ ወጣት ናት፤ እኔ ግን ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሆዴም አብሮኝ ይገባል።

በማግስቱ ቡሬ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም ልኩን እጀታ እንዳገኙልን፣ ቀለሙ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ላስረዳዎ መጣሁ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ «የመንግሥት ንብረት ዥንጉርጉር አይሆንም። ከመኪናው ቀለም ጋር አንድ የሆነ ይፈለግ» አሉኝ። ለንብረት ውበት እንዲህ የሚጨነቅ አለቃ እንዳለኝ እስከዚያ ቀን ባለማወቄ አፍራለሁ።

፪ኛ. ሚያዝያ ላይ ቀለሙን የሚወስን ባለ አምስት አባል ኮሚቴ አቋቋሙልን። ኮሚቴው መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሮ «ፈዛዛ ቡናማ» ብሎ መዘገበ። እኔ «ጌቶቼ፣ ይህ የቋሪት መንገድ አቧራ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ነው» ብዬ በእጄ ጠርጌ ባሳይ፣ «ኮሚቴው የሚመዘግበው ያየውን ነው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ደጋግሜ ቢሮዎ ስመላለስ ጸሐፊዎ «ይታገሱ» ትለኛለች። በስሜ እየጠራችኝ መስሎኝ «አቤት» እያልሁ ስንት ጊዜ ቆሜ እንደ ቀረሁ አንድዬ ያውቃል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቡናማዎቹ እጀታዎች ከባሕር ዳር መጡ። ሊገጠሙ በተያዘው ቀን ጠዋት ግን የወረደው ዝናብ መኪናውን ወተት አስመሰለው፤ ለመግቢያ ክፍት በተውነው መስኮትም ገብቶ ወንበሩን አራሰው። ኮሚቴው ተሰብስቦ እጀታውንና በሩን ካስተያየ በኋላ «አይመሳሰሉም» በማለት ዕቃውን ወደ መጋዘን መለሰው። በዚያው ሳምንት በተደረገው ግምገማም «የንብረት ቀለም ሲለወጥ በቸልታ አይቷል» ተብዬ ተገመገምሁ፤ ዝናቡ በስብሰባው ላይ ስላልተገኘ ሒሱን ብቻዬን ዋጥሁ።

ሦስተኛውን በቁጥር ባላስቀምጠው ይሻለኛል፤ ቀልድ አይደለምና።

በሐምሌ የመጨረሻው ቅዳሜ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዘን ዱርቤቴ ደረስን። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ሐኪሟ መዝገብ ልታመጣ ቀበሌ ስትገባ፣ እኔ መኪናውን ወደ ከብቶቹ ላስጠጋ በመስኮት ገባሁ። ራሴና ደረቴ ገብተው እግሮቼ ገና ውጭ ሳሉ ባንቺአየሁ የሚባሉ ነጭ ሽንኩርት ሻጭ «ኧረ ያዙልኝ! የመንግሥት መኪና ሊሰረቅ ነው!» ብለው ጮኹ። ሚሊሻው ሮጦ መጥቶ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝ፤ ሱሪዬ እዚያው መስኮቱ ላይ ተቀደደ። ሾፌር መሆኔን ስነግረው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «ሾፌር ብትሆንማ በበሩ ትገባ ነበር» አለኝ።

ሐኪሟ ስትለምን፣ ስልክ ሲደወል፣ ቢሮዎም ሳያነሣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እስኪለቀን ድረስ መኪናውም ቁልፉም በሚሊሻው እጅ ስለ ነበሩ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ተበላሸ። ሌሊት ተነሥተው ላሞቻቸውን እየነዱ የመጡ ገበሬዎች ወደ የቤታቸው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ፣ አቶ አዛናው፣ ጊደራቸውን አዙረው ሲሄዱ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። የተቀደደው ሱሪዬ ያን ያህል አላሳፈረኝም።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ መካኒኩ ምሥጋና ጉዳዬን ሰምቶ፣ ከተጋጨ ቀይ ፒካፕ ላይ ሁለት እጀታ ፈትቶ ገጠመልኝ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። በሩን ሰባት ስምንት ጊዜ ከፈትሁት፣ ዘጋሁት። ሐኪሟም ቀሚስ ለብሳ ገባች። በሳምንቱ ዱርቤቴ ተመልሰን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ከብት ከተብን፤ የአቶ አዛናው ጊደርም ከነዚያ አንዷ ናት።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ክቡርነትዎ ለስብሰባ ቡሬ ሲወርዱ ያንኑ ቀይ እጀታ በገዛ እጅዎ ከፍተው እንደ ሰው ገቡ፣ እንደ ሰው ወረዱ፤ በማግስቱ ማስጠንቀቂያውን ጻፉልኝ። በሩ እንዲህ በቀላሉ መከፈቱ አስደንግጦዎት ይሆናል ብዬ አልተቀየምሁም። ውሳኔዎ እጀታዎቹ ይነቀሉ የሚል ከሆነም፣ በሚቀጥለው ጉዞዎ ክቡርነትዎ ገቢና ተቀምጠው ሳሉ ቢነቀሉ ደስ ይለኛል።

ለንብረት ያለዎት ፍቅር ለባለ ንብረቱም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ በማያቋርጥ አክብሮትና በደረቀ ወንበር ላይ ሆኜ ይህን የጻፍሁት፣

ሾፌር ይታገሱ ዘሩ

ማስታወሻ፦ በላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ላይ ፊርማዎ ጥቁር፣ ማኅተሙ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ ቀለማቸውን እስኪያስማማ ድረስ ደብዳቤው እንዳልደረሰኝ ቆጥሬ ወደ ሥራ ሄጃለሁ።