በደረቅ ሜዳ ላይ ዓሣ ማጥመድ

ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ማኑሄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። የለቅሶህ ድንኳን ትናንት ፈርሶ ከባሌ ተራሮች የመጡት የሥራ ባልደረቦችህም ተመለሱ። መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ አስረህ፣ ዝንብ አስመስለህ፣ በዚያ በረዷማ ወንዝ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ስታወጣ ሲያወሩ እማዬ ፈገግ አለች። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህንም ለእኔ ሰጠችኝ።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼም መጥተው ነበር። ያን ሰኞ ኳስ ሜዳው ላይ ለባሌ ጉዞህ የማጥመጃ ክር መወርወር ስትለማመድ፣ እኔና እነሱ ግቡ ጋ ቆመን ነበር። ራጉኤል፣ "ሰውዬው ምን ሊይዝ ነው፣ ፌንጣ? ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ። "ተከራያችን ነው" አልኩት። አንተ ዞር አላልክም። ማታም እራት ላይ እንደ ልማድህ አጎረስከኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ራጉኤል እጄን ይዞ፣ "ለተከራይ እንዲህ የሚያለቅስ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም፤ እግዜር ያጥናችሁ" አለኝ። "አሜን" አልኩ።

ጋሼ፣ ያን ሰኞ ነፋሱ በየት በኩል ነበር? ክርህን እየወሰደ ሲያስቸግርህ ስላየሁ ነው።

ዛሬ፣ ለቀስተኞቹ ከሄዱ ወዲህ፣ ክፍላችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ዘንግህን ይዤ ሜዳው ላይ አንተ በቆምክበት ቦታ ቆምኩ። እህታችንን ቤተልሄምን፣ "ግቡ ጋ ሆነሽ የመጣልሽን ተናገሪ፤ ግን እንዳትጮሂ" አልኳት።

"ቁርስህ ቀዘቀዘ፣ አንተ ደረቅ!" አለች።

አንተ ከቆምክበት ሆኜ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

እማዬና ቤተልሄም በናፍቆት ሰላም ይሉሃል።

ወንድምህ
ልዑልቃል