በቢጫው ቀሚስ የተቀበረችው

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ደርሶ በደህና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለፈው የላክሁልሽ ቅባት አስታገሰልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ኡካም ዝናቡ እንደ መቱ ከሆነ ከቤት መውጣት ሳይከብድሽ አይቀርም። እዚህ ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ ያየንበት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ እርጥቡን ይገባል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። እተኛለሁ ብዬ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ ዝም ትዪኛለሽ፤ ያንቺን ዝምታ ደግሞ አልችለውም። ወረቀት ጊዜ ይሰጥሻል። የኡካውን ሚኒባስ ሹፌር ሞሲሳን በእጅሽ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ በእናቱ ስም አስምዬዋለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

የዛሬ ሳምንት ሐሙስ የምሠራበት ድርጅት ከከተማው ሰዎች ጋር ስብሰባ አዘጋጅቶ ነበር። ርዕሱን ስነግርሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ ይታየኛል፤ ሴተኛ አዳሪነት በሕግ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምጽፍ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመደብኩ።

መጀመሪያ ዲሪቤ የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ተናገረች። ሕጉ እነዚህን ሴቶች አይከለክላቸውም፣ ግን አያውቃቸውምም አለች። ሲደበደቡ የሚሄዱበት የላቸውም፤ ይመዝገቡ፣ ሥራቸው ሥራ ይባል፣ ሐኪምም ፖሊስም እንደ ማንኛውም ሰው ያስተናግዳቸው አለች። እሷ ስትቀመጥ አቶ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ። «ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ነገ አንዷ መጥታ አባዬ ፈቃድ አውጥቼ ልሥራ ብትለኝ በምን ቃል ልከልክላት?» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም እማዬ፣ ፈርተው ነው። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ኡካ ውስጥ ቡና ቤቶቹ ጋ ስንደርስ እጄን ጠበቅ አድርገሽ ወደ ማዶ ታሻግሪኝ ስለነበር እነዚያን ሴቶች ማየት ራሱ እንደሚያቆሽሽ አምኜ ነው ያደግሁት።

ከዚያ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ አሁን አርጅቼ ለሴቶቹ ክፍል አከራያለሁ። ሕግ አላውቅም። አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልቀመጥ» ብለው ጀመሩ።

በ1989 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር ሊቺ የሚሏት ልጅ ከቤታቸው ወጥታ ቀረች። አንድ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ለሁለት ሳምንት በቢላ ሲዝትባት ነበር። ፖሊስ ጋ ሄደው ቢያመለክቱም «የሥራችሁ ነው» ተብለው ተመለሱ። በአምስተኛው ቀን ሶር ወንዝ ሬሳ ተፋ። ፊቱ የማይለይ ሆኗል። በቢጫ ቀሚሷ አወቋት፤ የውስጥ ኪሱን በአረንጓዴ ክር የሰፉላት እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው ናቸው። «ዘመዷ ማን ነው አሉን። እኛ ነን አልን። እናንተ ዘመድ አይደላችሁም አሉን። ገዳይዋን የጠየቀ ሰው የለም። እስኪ ንገሩኝ፣ አንድ መዝገብ ላይ እንኳ ስሟ ሰፍሮ ቢሆን፣ ይቺ ሰው የት ገባች ብሎ የሚደነግጥ ይጠፋ ነበር?» አሉ።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ቀን ቢሆንም ደመናው ወርዶ ስለነበር አዳራሹ ደበዘዘ። እኔ ለመጻፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እትዬ ደብሪቱ ያኔ አዩኝ።

አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ «ሊቺ» አሉ። «ሊቺዬ፣ ልብስሽ ደረቀልሽ?»

ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። ከመስታወቱና ከዝናቡ በቀር ምንም የለም። አብራቸው የመጣች ሰሚራ የምትባል ልጅ ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ውሃ ሰጠቻቸው። ሰብሳቢው ጋሽ ፉፋ «ደክሟቸው ነው» ብለው ስብሰባውን ቀጠሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደሌ የሌላ ሰው ይመስላል።

በማግሥቱ ሰሚራ ቢሮ ድረስ መጣች። «ኮቱ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ «ነይ በቃ።» «እትዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሰው መሆንሽን በእጄ ዳስሼ ካላረጋገጥኩ አልበላም ብለዋል።» አሮጊት በረሃብ ትሙት ማለት አልቻልኩም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድኩ።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። በጭቃ ግቢ ዙሪያ ስድስት በር አለ። ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አንዷ አማተበች። ሌሎቹ ፊቴን አይደለም የሚያዩት፤ እግሬ መሬት መንካቱን ነው። ሰላም ስላቸው እንኳ የመለሰልኝ የለም።

እትዬ ደብሪቱ እጄን ይዘው አገላበጡት፣ ፀጉሬን አሸተቱት። «ቀዝቃዛ ነሽ» አሉኝ። ዝናቡ ነው እትዬ አልኳቸው። ብዙ አስበው «እሷ አይደለሽም። በሕይወት ኖራ ቢሆን ታረጅ ነበር» አሉ። ደግሞም፣ ለራሳቸው ይመስል፣ «የሞተ ሰው ግን አያረጅም» አሉ። ያን ጊዜ እጄን ከእጃቸው ለማስለቀቅ ሞከርኩ። አልለቀቁኝም፤ እንደያዙኝ ወደ አራተኛው በር ወሰዱኝ።

ያ ክፍል የሊቺ ነበር። ከእሷ በኋላ ሦስት ሴቶች በተለያየ ጊዜ ተከራይተውት ነበር፤ ሦስቱም ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናገሩ። ከውስጥ የቀረቀሩት በር ጠዋት ገርበብ ብሎ ይገኛል። ደፉ ላይ የእርጥብ እግር ዱካ አለ፤ የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም። ከዚያ ወዲህ የሚደፍር ስለጠፋ ተዘግቶ ይኖራል። እትዬ ደብሪቱ ቁልፉን ሲያዞሩ ከውስጥ የወንዝ ሽታ ወጣ። እውነቴን ነው እማዬ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ነገር አልነበረም፣ ግድግዳውም ደረቅ ነው።

ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሏል። አንዲት ወጣት ፏፏቴ በተሣለበት ሸራ ፊት ቆማ ትስቃለች። ግንባሬ ነው፣ አገጬ ነው፣ ግራ ጆሮዬ ጫፉ ላይ እንደሚታጠፈው የእሷም ታጥፏል። ከእኔ የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላይኛው የፊት ጥርሷ ሰያፍ ተሰብሯል።

እትዬ ደብሪቱ ከጎኔ ሆነው ያዩኝ ነበር። «እናት አለሽ?» አሉኝ። አለችኝ፣ ኡካ ናት፣ የሹፌር ሚስት ነበረች፣ መቱን አታውቀውም አልኩ። «ጥርሷስ?» አሉኝ።

ሙሉ ነው አልኳቸው። አንድም የጎደለ የለም አልኳቸው።

ዐይናቸውን ከዐይኔ ሳይነቅሉ እጄን ለቀቁኝ። ከዚያ «እሺ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጣት» ብለው ስለ ሊቺ ያወሩኝ ጀመር። ቸር ነበረች አሉ። ልብስ አይበረክትላትም፤ ለበረደው ሁሉ ትሰጥ ነበር። በዚያው ሳምንት እንኳ አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ ሊቺ ጋ አርፋ ነበር፤ ከለበሰችው ሌላ የላትም፣ ዓይን አፋር ስለነበረች ከሊቺ በቀር ስሟን የነገረችው ሰው የለም። ያች ልጅም በዚያው ሰሞን ታጣች። «አገሯ ተመልሳ ይሆናል ብለን ተውናት» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ይህን ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ አላስተዋሉም። እኔ ግን ቢጫውን ቀሚስ አሰብኩ።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንቺን የት እንዳገኘሽ ስጠይቀው ይስቅ ነበር። «በሰኔ ዝናብ መኪናዬን ያዮ ጫካ ውስጥ ጭቃ ይዞት ሳለ ከኋላ ከቡናው ጆንያ መሀል ወጣች» ይለኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

መቃብሩን ካላየሁ አልሄድም አልኩ። ሰሚራ ወሰደችኝ። ከመቃብር ቦታው አጥር ጥግ ነው፤ ሣር ውጦታል። ድንጋዩ ላይ ሊቺ የሚል ስምና ሰኔ 17 ቀን የሚል ተጽፏል። ሰኔ 17 እማዬ። አንቺ በየዓመቱ እህል ሳትቀምሺ የምትውይበት ቀን። የማን መታሰቢያ ነው ስልሽ «የማታውቂያት ናት» ብለሽኝ ነበር። አባዬ ከመቱ በተመለሰ ቁጥር የከተማውን ወሬ ይዞልሽ ይመጣ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስንመለስ ሰሚራ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያን ክፍል ልትጠርግ ገብታ ደክሟት አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። አንዲት ልጅ ጆሮዋ ሥር «በስሜ ጥሪኝ» አለቻት። ሰሚራ ፈርታ «ሊቺ» አለች። ድምፁ አለቀሰ። «በስሜ» አላት እንደገና። ሰሚራ በልጅነቷ ቁርኣን የቀራች፣ ቀልድ የማታውቅ ልጅ ናት።

ቃለ ጉባኤውን ጋሽ ፉፋ አይተውታል። የእትዬ ደብሪቱን ንግግር እንዳወጣው አዘዙኝ። «ሐሳብ ጻፊ እንጂ የሙታን ታሪክ አትጻፊ» አሉኝ። አላወጣም አልኳቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። ይፈቀድ ይከልከል ለሚለው ዛሬም የማያወላዳ መልስ የለኝም፤ አቶ ገብረ ሥላሴ እንደፈሩት እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ሰው ሞቶ እንኳ በሌላ ሰው ስም መቀበሩን ካየሁ በኋላ፣ እነዚህን ሴቶች የሚያውቅ መዝገብ አያስፈልግም ለሚል ሰው እጄን አላወጣም። ጋሽ ፉፋ በመጨረሻ «እንግዲያው የሟችዋን ትክክለኛ ስም አጣርተሽ አስገቢ» አሉኝ። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

እማዬ፣ ያን ቀሚስ የሰጠቻት ሰው በክፋት እንዳልሰጠቻት አምናለሁ። ብርድ ስለነበር ነው። ስትሸሽም ቢላው ቀሚሱን ተከትሎ እንደሚሄድ አላሰበችም። በኋላ ስትሰማ ደግሞ ልትመለስ ብትል የሚጠብቃትን ታውቃለች፤ ምናልባትም እኔን የመሰለች ልጅ በሆዷ ይዛ ነበር። ማንም አይፈርድባትም። እኔማ ጨርሶ አልፈርድባትም። እጇን ስሜ እግሯ ሥር ብቀመጥ ነው የምወደው።

አንቺ በኡካ ገበያ የማታውቂው ሰው የለም። ከማንም ይሁን ከማን ሰምተሽ ከሆነ፣ ከየት ሰማሽ ብዬ አልጠይቅሽም። የዚያችን ልጅ ስም ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ለሞሲሳ ስጪልኝ። የአባቷንም ካወቅሽ ጨምሪበት። ምናልባት አንዲት እናት ዛሬም በር በሩን ታይ ይሆናል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ሰላም ያድርግልሽ። ቀሪ ዘመንሽን እኔ ዘንድ የምትጦሪበት ያድርግልሽ። ስመጣ ምንም አናወራም፤ አብረን እንቀመጣለን ብቻ። ከእንግዲህ ደግሞ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ አትሸፍኚ። ሳቅሽን ሙሉውን ማየት እፈልጋለሁ።

እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የምወድሽ፣
ልጅሽ