የመሪውን የሕይወት ታሪክ በቃሌ ይዤዋለሁ

ለተማሪዎች የውጭ አገር ጉዞ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ ደህና ናቸው? የልጆችዎን ድምፅ ባሰኘዎት ሰዓት እንደሚሰሙ ተስፋ በማድረግ፣ ይህ ጸጋ እንዳይጓደልብዎ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ከማለታቸው በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

በስልክም፣ በመልእክትም፣ ቢሮዎ ድረስ በአካል እየመጣሁም ሠራተኞችዎን ሳስቸግር ከርሜያለሁ። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት አስቤ ሳይሆን፣ ከአንባቢዎች መካከል እርስዎን በቀጥታ የሚያገኝ ሰው ቢኖር ብዬ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ልጄ፣ ሰውነቷ ደቃቃ ስለሆነ ቤት ውስጥ ድንቢጥ የምንላት፣ በዚህ የትምህርት ዕረፍት ድርጅትዎ ባሕር አሻግሮ ከወሰዳቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት። ጠዋትና ማታ እንክብሏን ከዋጠች እንደማንኛውም ልጅ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ከወንድሟ ጋር ትነታረካለች። ካልዋጠች ግን ትወድቃለች። ይህንን ለቢሮዎ ደጋግሜ ስለተናገርኩ ለእርስዎ አዲስ ነገር እንደማይሆን አምናለሁ፤ አዲስ ከሆነብዎትም እንግዲህ አሁን ሰሙ።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለዚያ ባለቀለም መጽሔትዎ እግዜር ይስጥልኝ። የጉዞ መሪዎቻችሁ ፎቶግራፍ ከነሙሉ የሕይወት ታሪካቸው ተደርድሮበት ሳይ፣ ልጅ በአደራ የሚሰጠው እንዲህ ላለ ሰው ነው ብዬ ነበር። የልጄ አባት፣ ድንቢጥን የሚያውቅ ሰው አብሯት ካልሄደ ከበር አትወጣም ብሎ ሙጭጭ ሲል፣ መጽሔቱን ገልጬ በሕፃናት ሆስፒታል ስትሠራ የኖረችውን ነርስ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ነርሷም፣ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ከቢሮዎ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ በሽታዋ አንድ ሳይቀር ጠየቀችኝ። የተማሪ መድኃኒት በመሪ ቦርሳ ይጓዛል በሚለው ደንባችሁ መሠረት እንክብሎቹንም ከእጄ ተቀበለች። አባትየውም በዚህ ተረታ።

ሁለተኛ፣ ለዝርዝር ነገር ስላላችሁ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ልጆቹ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ፍተሻውን አልፈው እጃቸውን ካውለበለቡልን በኋላ ነው ነርሷ ወደ ሌላ ቡድን መዛወሯን የሰማነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ነርሷ ልጆቻችን የሚሄዱበትን አገር ረግጣው ስለማታውቅ ታሪኳ ከጉዞው ጋር አልገጠመም፤ አዲሱ መሪ ግን የዚያን አገር ረጅሙን ተራራ ስለወጣ ከመጽሔቱ ሽፋን ጋር በደንብ ይሄዳል ተባልን። ክቡርነትዎ፣ መሪ ከሽፋን ጋር መግጠም እንዳለበት እኔ አላዋቂዋ ከየት ላውቅ! ነርሷ ወደ አንዱ አህጉር ስትበር የልጄ እንክብሎች በቦርሳዋ አብረዋት በረሩ፤ ልጄ ደግሞ ወደ ሌላው አህጉር በረረች። ሁለቱ ያሉበትን ቦታ ካርታ ላይ በጣቴ ላሳይዎ እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ነርሷ ሻንጣዋን ስትፈታ መድኃኒቱን አግኝታ ያኔውኑ ለቢሮዎ ተናገረች፤ ቢሮዎም ስለ ንቃቷ አመስግኖ ጽፎላታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፣ በስልክ፣ እያለቀሰች።

ሦስተኛ፣ ስልክ ለምታነሳልኝ ወጣት ሠራተኛዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ድምፅዋ ማር ነው፣ ትዕግሥቷም አያልቅም። ብቻ ስለ ልጄ በጠየቅኳት ቁጥር ስለ መሪው ትመልስልኛለች። መድኃኒት ተገዛላት ወይ ስል መሪው አራት ቋንቋ አቀላጥፎ እንደሚናገር ነገረችኝ። ሐኪም አይቷታል ወይ ስል በረሃ በብስክሌት ማቋረጡን አበሰረችኝ። እንዲያው በሞቴ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሪኝ ብዬ ስለምናት፣ ማታ ማታ ለተማሪዎቹ ጊታር እንደሚጫወትላቸው አነበበችልኝ። ቆጣ ስል ደግሞ ያንኑ ታሪክ ከነፎቶው ላከችልኝ። ክቡር ሆይ፣ የመሪውን የሕይወት ታሪክ በቃሌ ይዤዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ወፍ ጎጆ መሆኑን አውቃለሁ። ውሻ እንደሚወድ፣ በዝናብ መራመድ እንደሚያስደስተው አውቃለሁ። ፈተና ብትሰጡኝ አንደኛ እወጣለሁ። ልጄ ትናንት እንዴት እንደዋለች ግን አላውቅም።

አራተኛ። ይህቺኛዋን ምስጋና ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ተማሪዎቹ ጉዞውን በሙሉ ልባቸው እንዲያጣጥሙ ስልካቸው መሰብሰቡ ግሩም ሐሳብ ነው። በዚህም ምክንያት የድንቢጥ የክፍል ጓደኛ ከማደሪያቸው የእንግዳ መቀበያ ስልክ ተደብቃ ልትደውልልኝ ግድ ሆነባት። ራት ላይ ነበርን። ልጅቱ በሹክሹክታ፣ “እትዬ፣ ድንቢጥ ምግብ ቤት ውስጥ ወደቀች፤ መሪያችን ትኩረት ፈልጋ ነው፣ ዞር በሉላት አለን” አለችኝ። ስልኩም ተቋረጠ።

ዞር በሉላት። ክቡር ሆይ፣ መሬት ላይ የምትንፈራገጠው የእኔ ልጅ ናት። በመሪው ታሪክ ሁለተኛ ገጽ ላይ የወጣቶችን ሥነ ልቦና በአጭር ሥልጠና ማጥናቱ ተጽፏል፤ ለአሠልጣኞቹም ምስጋናዬን ያስተላልፉልኝ። የልጄ አባት ከዚያ ወዲህ ከስልኩ አጠገብ አይነሳም። አላልኩሽም ወይ አላለኝም፤ ምነው ባለኝ።

አምስተኛ፣ ወላጆች የልጆቹን ነፃነት እንዳይረብሹ በማሰብ የማደሪያውን አድራሻ ስለደበቃችሁን ልናመሰግን ይገባል። ብታሳውቁን ኖሮ እዚያ አገር ሐኪም ፈልገን እናስቸግራችሁ ነበር። ቪዛም ጠይቄያለሁ፤ ኤምባሲው በር ላይ ያለው ጥበቃ አሁን በስም ያውቀኛል፣ ከዚያ በላይ ግን አልተራመድኩም።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል? ጨዋነቱም አለቀብኝ። አፈር ስሆን፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ያ ሰው ልጄን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዳት፤ መድኃኒቷን ያሳዝዝላት፤ ከዚያ ስልክ ይስጣትና “እማዬ” ስትለኝ ልስማ። ክስ አላነሳም፣ ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም። ተራራውንም ደግሞ ይውጣው።

ድርጅትዎ ከሕይወት ታሪክ ውጪ ሌላ ነገር የማያነብ ከሆነም፣ እነሆ የልጄን አዘጋጅቻለሁ። ሠራተኛዎ የእሱን ለእኔ እንዳነበበችልኝ ሁሉ፣ በዚያችው ማር ድምፅዋ ይህንን ለእሱ ታንብብለት፦

ድንቢጥ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ ስትል፣ ላስቲክ የለም ብሎ አይከራከራት፤ ሊጥላት ነው። የእጅጌዋን ጫፍ በአውራ ጣቷ መፈተግ ትጀምራለች። ያን ጊዜ መሬት ላይ ያስቀምጣት፣ ወንበርና ጠረጴዛውን ያርቅላት። ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግ። እጅ እግሯን አይያዝ፣ አፏ ውስጥ ምንም አይክተት፣ ውሃ አይርጭባት። እንደለቀቃት በጎኗ ያስተኛት። ቶሎ ካልለቀቃት፣ ወይም ደግሞ ከጣላት፣ አምቡላንስ ይጥራ። ስትነቃ የት እንዳለች አታውቅም፤ ስሟን ቀስ ብሎ ይጥራት። ከዚያ በጣም ታፍራለች። ሰው ሁሉ ከቧት ቆሞ ካየች ለቀናት ቀና አትልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ አጠገቧ ይቀመጥና ስለ ሌላ ነገር ያጫውታት። ስለ ወፎች ትወዳለች። የመመረቂያ ጽሑፉን ይንገራት። ያ ሁሉ ትምህርቱ ለዚች ለአንዲት ሰዓት ቢጠቅም እኔ ዕድሜ ልኬን እመርቀዋለሁ።

የድርጅትዎ ስም እንደ መሪዎቻችሁ ገድል ሲያብብ ይኑር እያልኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ በመጠየቅ፣ ከስልኩ አጠገብ ሳልነቃነቅ ቀሪውን ዘመኔን መልስዎን ለመጠበቅ ዝግጁ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ
የድንቢጥ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ልልክ ስል ከቢሮዎ መልእክት ገባ። የልጄ አባት ከፍቶ አነበበልኝ። ባለተራራው መሪ ለሌላ ጉዞ በመፈለጉ፣ ከነገ ጀምሮ የልጆቻችንን ቡድን የሚመራው በዓሣ ነባሪ ፎቶግራፍ ሽልማት ያገኘ፣ ሦስት ውቅያኖስ በጀልባ ያቋረጠ ሰው መሆኑን በደስታ ትገልጻላችሁ። ሙሉ ታሪኩም ተያይዟል። ልጄን የሚመለከት አንድ ቃል የለበትም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በሞቴ፣ የድንቢጥን ለእሱም እንደገና ያስነብቡለት። ጊዜ ከሌለው የተቃጠለ ላስቲክ ከሚለው ይጀምር፤ ከዚያ በኋላ እሷም ብዙ ጊዜ የላትም።